አፕዴት በዐቢይ ጾም

ከባለቤቴ ከመላኩ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ ገመድ መጠቅለል ነበር። ይፋግ ላይ ሠርግ ጨርሰን፣ እሱ አንዱን ጫፍ ይዞ እኔ በክንዴ ስጠቀልል፣ «አታጣምሚው፤ ገመድም አመል አለው» አለኝ።

«እንዳንተ ያለ አመለኛ ገመድ ግን አላየሁም» አልሁት። ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀበርሁት።

ሥራውን የጀመርሁት በተጋባን በዓመቱ ነው። እሱ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ በየሠርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የሶኬት ማከፋፈያው አጠገብ ቆሜ ማንም የስልክ ቻርጀር እንዳይሰካ መጠበቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዘበኛ ነሽ ወይ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ የመብራት» አልኋቸው። ከማከፋፈያው ወደ ማይክ፣ ከማይክ ወደ ሚክሰር አደግሁ። በኋላ ላፕቶፕ ተገዛና እሱም በእኔ እጅ ሆነ።

ላፕቶፑ ከመጣ ወዲህ ኪቦርዱ ድምፁን ሁሉ የሚወስደው ከሱ ነው። ከበሮው፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ እዚያ ውስጥ ናቸው። ላፕቶፑ ከጠፋ ኪቦርዱ ጣውላ ነው።

አንድ ደንብ ነበረን። ቄስ ማዕድ ሊባርኩ ሲነሱ ላፕቶፑን ፈጽሞ እናጠፋለን። አንድ ጊዜ ጸሎት መሀል ጮኾብን መላኩ በሀፍረት ሊሞት ነበር።

ሐሙሲት ላይ በሙሽራዪቱ ቤት ስንሠራ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቷ እኛ ጋ የሌለ ዘፈን ፈለገች። ላፕቶፑን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። ዘፈኑ ወረደ። እኔ ያላየሁት ሌላም ነገር ወርዶ ኖሯል። ቄሱ ሲነሱ እንደ ልማዴ ማጥፊያውን ተጫንሁ። ስክሪኑ ላይ «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉ፤ አራት በመቶ» የሚል መጣ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሃያ በመቶ ነበር። የሠርገኛው መኪና ጥሩምባ ከመንገዱ ተሰማ።

«ምን ነካሽው?» አለ መላኩ።

«አጠፋሁት፤ አልጠፋም።»

የሙሽራዪቱ አባት አቶ እንዳለው መጡ። «መላኩ፣ ልጄን በዝምታ ልትድራት ነው? ለቅሶ መስሎህ መጣህ?»

ለሚቀጥለው ወር ሊቀጥሩን ያሰቡ ሁለት ቤተሰቦች ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጠው ያዩናል። ዝም ካልን ስማችን በማግሥቱ ደብረ ታቦር ይደርሳል።

ወደ በሩ ሮጥሁ። የሙሽራዪቱ ጓደኞችና አክስቶች እንደ ወጉ ሠርገኛውን አናስገባም ብለው ተሰልፈዋል። ወጉ ጥቂት ተግደርድሮ መልቀቅ ነው። ታላቂቱን አክስት፣ «እትዬ፣ በማርያም፣ መቶ ሳይሞላ እንዳይለቋቸው!» አልኋቸው።

«መቶ ምን?»

«መቶ በመቶ!»

ምንም አልገባቸውም፤ ከበሮውን ግን አነሡ።

አርባ ደቂቃ ያዙልኝ። እኔ ተመልሼ ከስክሪኑ ቁጥሩን ጮኼ እናገራለሁ፤ ሴቶቹ በእልልታ ይቀበላሉ። «ስልሳ ሁለት!» ስል አንደኛው ሚዜ ላቡን እየጠረገ፣ «ሙሽራዋ በመቶኛ ነው እንዴ የምትሰጠው?» አለ።

«የኛ ልጅ ተቆርሳ አትሰጥም» አሉት አክስቲቱ፤ «ሙሉዋን ከፈለግህ ቁመህ ጠብቅ።»

መቶ ሞልቶ ሲከፈት ድምፅ የለም። አፕዴቱ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የራሱ ትንሽ ስፒከር መልሶት ኖሯል። መላኩ አጎንብሶ ወደ ሚክሰሩ አዞረው። ከበሮው ግቢውን ሲሞላው በሩም ተከፈተ። አቶ እንዳለው ሲሸኙን፣ «እንዲህ ያለ በር አያያዝ አይቼ አላውቅም» አሉ። ሁሉንም እኛ ያቀድነው መስሏቸዋል። መላኩ እጅ ነሣ እንጂ አላረማቸውም። ሁለቱም ቤተሰቦች ቀጠሩን።

ከዚያ ወዲህ በሠርግ ወራት ላፕቶፓችን ኢንተርኔት አያይም። ዘፈን በፍላሽ ይመጣል። አፕዴት የሚደረገው ሠርግ በሌለበት በዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ፋሲካ እያንዳንዱ ድምፅ ይፈተሻል። በሥራ ቀን ማሽን አይነካም፤ ከሥራው የተማርሁት ይህን ነው።

ዘንድሮ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መላኩ በየሠርጉ ሲጫወት ላፕቶፑ የቀረጸውን ሁሉ አስቀድሜ በፍላሽ ገለበጥሁና አፕዴት አደረግሁ። ድምፁ እንደገና ጠፋ። የት እንዳለ ስለማውቅ መለስሁት። ከፋሲካ በኋላ ጋፋት ላይ ሠርግ ይዣለሁ፤ የሱን ኪቦርድ ከላፕቶፑ አሰማለሁ። ሥራ ሲያልቅ የገመዱን አንድ ጫፍ ከበር እጀታ አስሬ እጠቀልላለሁ።