ከአልጋው ሥር ያልወጣው ሰው

ድሮን ለእኛ ዜና ላይ የሚሰማ ነገር ነበር። በዚያ የቡና ወራት ግን ወታደሮች ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩና ድሮናቸው እንደ ጎረቤት ዶሮ በየቀኑ ግቢያችን ትገባ ጀመር። በሁለት መዳፍ የምትያዝ፣ ባለ አራት ክንፍ፣ ጢዝ የምትል ነገር ናት። ከጀርባ ቦርሳ አውጥተው ነው አሉ የሚያስነሷት። ጫካው ውስጥ ታጣቂ አለ ስለተባለ ትፈልጋለች። እኔ ገና ሳያት ጠላኋት። ከከተማ፣ ከበቾ ቦሬ ድረስ የመጣሁት አጎቴን በቡና ሥራ ላግዝ እንጂ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አንገቴ እንዲቆለመም አልነበረም።

የታጠበ ቡና የሚሰጣው ከመሬት ከፍ ብሎ በተወጠረ ረጅም የሽቦ ወንፊት ላይ ነው፤ አልጋ ይባላል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ በሸራ ይሸፈናል። አጎቴ ደግሞ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ቡናው እንደተሸፈነ ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ይገቡና ጥላው ውስጥ ይተኛሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የሚረብሻቸው ነገር የለም።

ያን ቀን ሸራውን ከወዲህና ከወዲያ ይዘን ስንጎትት ድሮኗ መጥታ ከራሳችን በላይ ቆመች። እኔ ጫፉን ለቀቅሁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ሳቢው እንጂ!» አሉኝ አጎቴ።

ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ «እያዩን ነው። ትንሽ ብንቆይስ?» አልኳቸው።

«እነሱ እስኪያዩ የእኔ ቡና ይሰንጠቅ? ሜ፣ እስቲ ሳቢ!»

ሳብን። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሥሩ ገቡ። ድሮኗ ጥቂት ቆይታ ወደ ኮረብታው ተመለሰች። እኔም እፎይ ብዬ ምሳ ላሰናዳ ጓዳ ገባሁ።

ስወጣ ግቢው ወታደር ሞልቶታል። አንዱ ጠመንጃውን አልጋው ላይ ደግኗል። አለቃቸው «ሸራው ሥር የገባኸው! እጅህን ከፍ አድርገህ ውጣ!» እያለ ይጮኻል። ከላይ ያዩት፣ አንድ ሰው ገብቶ እንዳልወጣ ብቻ ነው።

«አጎቴ ናቸው! ተኝተው ነው፤ ጆሯቸው አይሰማም» አልኩ።

«ከቆምሽበት እንዳትነቃነቂ!»

ደግሞ ጮኸ። አጎቴ ተኝተውም ከዘራቸው ከእጃቸው አይለይም። ደንግጠው ከዘራቸውን እንደያዙ ቢወጡስ? የወታደሩ ጣት ምላጩ ላይ ነው። ወጣት ነው፤ እሱም ፈርቷል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ከኋላዬ ከጓዳ የወጡት የአጎቴ ባለቤት ባዶ እጃቸውን እያሳዩ ቀስ ብለው ወደ አልጋው ሄዱ። «ቁሚ!» ሲባሉም አልቆሙም። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ቡናውን በእጃቸው ማገላበጥ ጀመሩ። በየቀኑ ባላቸውን ለዙህር ሶላት የሚቀሰቅሷቸው እንዲሁ ነው፤ ቡናው ሲገላበጥ ብናኙ በወንፊቱ አልፎ ፊታቸው ላይ ይረግፋል።

ከሥር የማስነጠስ ድምፅ ተሰማ።

«አንቺ ሴት፣ ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ብታስተኚኝ…» እያሉ አጎቴ በዳዴ ወጡ። ከዘራው እዚያው ቀርቷል። ቀና ሲሉ አፈሙዙን አዩት። የቡና ገለባ ጢማቸው ላይ እንደተሰገሰገ ሁለት እጃቸውን አነሱ። ለዱዓ ካልሆነ በቀር እጃቸውን ሲያነሱ አይቼ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ።

አለቃው ጠመንጃውን አስወረደ። «ይቅርታ አባባ፤ ከላይ ሲታይ የተደበቀ ሰው ይመስላል» አለ ጮክ ብሎ።

«ተደብቄ እኮ ነው፤ ከፀሐይ» አሉ አጎቴ። ማንም አልሳቀም።

ወታደሮቹ ዛሬም ኮረብታው ላይ ናቸው። ቀትር ሲሆን ቡናውን እንሸፍናለን። አጎቴ ግን ምንጣፋቸውን ይዘው ወደ ግቢው መሃል ይወጡና ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ጠራራው ላይ ይጋደማሉ። ባለፈው ባለቤታቸው ጃንጥላ ይዘው ሊያስጠልሏቸው መጡ።

«ወስጂው» አሏቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይዩኝ።»