በስልክ የተመረጠ ሞተር

ከዲላ ሌሊት ልንወጣ ነበር ያሰብነው። ሻንጣው ታስሮ፣ ቁልፉ ለአከራያችን ተመልሶ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን አመሸን። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ባሌ ደረጀ ተነስቶ በሩ ጋ ቆመና «እማዬን ሳልሰናበት አልሄድም» አለ። አውቶቡሱ አመለጠን። ሲነጋ ገና ያልሸጠውን ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ፣ ከኋላው ተቀመጥኩ፣ ወደ ጪጩ ሄድን።

የእናቱ የእማማ አየለች ቤት ከአስፋልቱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ዙሪያው እንሰትና ቡና ስለሆነ ከታች ቆርቆሮው እንኳ አይታይም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ልጃቸውን የሚያውቁት በሞተሩ ድምፅ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ገና ከወናጎ በኩል ብቅ ሳይል ሰምተው ቆጮውን ያሞቁ ጀመር። ሌላ ሞተር ቢያልፍ ቀና እንኳ አይሉም። ደረጀም የእሳቸውን ጆሮ ነበር የወረሰው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማሽን ይጠግናል፤ ቀርቦ ሳይነካው፣ ከግቢው በር ላይ ቆሞ አዳምጦ የታመመውን ክፍል ይናገራል። ጣቢያው ግን ሥራ ያለው በዓመት ሦስት ወር ብቻ ነው። ወደ ናይሮቢ የተሰደድነውም ለዚሁ ነው፤ የሚያሳድደን ሰው አልነበረም።

«የምትመጣበትን ቀን አትንገረኝ፤ እሰማሃለሁ» አሉት እማማ።

«በሞተር ነው የምመጣው እማዬ፤ በትልቅ ሞተር፣ ከናይሮቢ እስከዚህ በር።»

«ድንጋዩን ተጠንቀቅ» አሉት ሳቅ ብለው። ከአስፋልቱ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ቀጭን መንገድ አፍ ላይ አንድ ድንጋይ ነበረ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እሱ ላይ ተንሸራተን ስንት ጊዜ ወድቀናል። ሞተሩን የዚያኑ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ዲላ ሸጠው፤ ገዢው አስነስቶት ሲሄድ ደረጀ ፊቱን አዞረ።

ሞያሌ ላይ አንድ የኬላ ሹም በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀን።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የቡና ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ።»

«ናይሮቢ ቡና አይታጠብም፤ ይጠጣል። እሷስ?»

«አስተማሪ ናት፤ የአማርኛ።»

ሰውየው ወረቀቱን አስቀምጦ አየኝ። «እህቴ፣ ናይሮቢ ሄደሽ አማርኛ ለማን ልታስተምሪ ነው? ለዝንጀሮዎቹ?» አለና ማኅተሙን በኃይል መታው። ደረጀ እስከ ማርሳቢት ድረስ ሳቀብኝ።

ናይሮቢን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የረሳ ገንፎ ነው። በሐምሌ ይበርዳል፤ እንደ እኛ አገር ብርድ ግን ዝናብ አብሮት አይመጣም፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝም ብሎ ይውላል። ዲላ ከገበያ እስከ ቤት ሰላምታ ስሰጥና ስቀበል ጉሮሮዬ ይደርቅ ነበር፤ እዚህ «ሳሳ» ብለው ያልፉሻል፤ መልስሽን የሚጠብቅ የለም። ደረጀ ጄኔሬተር ጥገና ገባ። እኔ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ እተክላለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ለሞተሩ የሚሆን ገንዘብ ተጠራቀመ።

ሻጩ ሚስተር ካማው ይባላል፤ ደረጀ ጄኔሬተሩን ስለሚጠግንለት ይወደዋል። ግቢው ውስጥ ለረጅም መንገድ የተሠሩ ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ፋብሪካቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፤ አንዱ ግን የቀድሞው ትውልድ ነው፣ ሌላው የአሁኑ። አሮጌው ካርቡራተር ያለው፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ጎኑ ላይ የተጫረ የብረት ሳጥን የተንጠለጠለበት ነው። አዲሱ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ፊቱ ላይ እንደ ስልክ የሚበራ መስታወት አለው፣ በድንገት ፍሬን ቢያዝ ጎማው አይንሸራተትም፤ ከኋላ ለሚቀመጠውም ሰፊ ወንበርና መደገፊያ አለው።

እኔ አዲሱን አልኩ። ወገቤ ያመኛል፤ ፍሬኑንም ወደድኩት።

«አዲሱ ማርሳቢት በረሃ ላይ ቢቆም ኮምፒውተር ይፈልጋል» አለ ደረጀ። «አሮጌውን ያቤሎ ያለ ማንም መካኒክ በመፍቻ ይፈታዋል።»

«ፍሬን ሳይዝልህ ገደል ከገባህ ማን ይፈታሃል?»

«እሱም እውነት ነው።»

ወር ሙሉ እንዲህ ስንከራከር ቆየን። እየተነሳ አዲሱን ያደንቃል፤ ቁጭ ሲል ወደ አሮጌው ይመለሳል። በመጨረሻ ተናድጄ «አሮጌውን ከገዛህ ብቻህን ሂድ፤ እኔ አልሳፈርም» አልኩት። ይህን ቃል ሳላነሳለት ቀረሁ።

እሱ ግን አልተቆጣም። «በቃ እማዬ ትምረጥ» አለ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካማው ግቢ ወሰደኝና ደወለላቸው። መጀመሪያ አዲሱን አስነስቶ ስልኩን አስጠጋ።

«ይሄ ፍሪጅ ነው» አሉ እማማ።

አሮጌውን አስነሳ። ድምፁ የግቢውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። «ይሄኛው ይተነፍሳል» አሉ እማማ። «ግን ሚስትህ አልሳፈርበትም ብላለች አልከኝ። ላስብበት፤ ጸልዬ እነግርሃለሁ።»

ሳይነግሩት ደረጀ ሞተ። አንድ ጠዋት ሆዱን አመመው፤ በሦስተኛው ቀን አልነበረም። የቀበርነው እዚሁ ከከተማው ዳር ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ የጌዴኦን አፈር ይመስላል፤ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ ቤት ሲገባ ለቅጽበት የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

የለቅሶው ቀን አከራዬ በሩ ላይ ቆመች።

«የተከራያችሁት ሁለት ሰው ብላችሁ ነው። ሠላሳ ሰው ገባ።»

«ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት።»

«ሽንት ቤት ይጠቀማሉ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነኝ፤ እሱን አስቢልኝ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ፖሌ ሳና»፣ እግዜር ያጥናሽ እንደማለት፣ ብላ እጄን ያዘችኝ። ማታ አንድ ጀሪካን ውሃ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ።

ከጪጩ የደረጀ ታናሽ ወንድም አለማየሁ ደወለ። ሽማግሌዎች ተነጋግረዋል። እማማ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላቸው፤ የደም ግፊታቸው ከፍ ካለ አይሠራላቸውም። «ዓይኗ ይሠራና ቁጭ አድርገን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ እንደ ወትሮው ሁኚ» አለኝ። እሺ አልኩ። እናንተም ብትሆኑ እሺ ትሉ ነበር።

ከቀብሩ በአሥረኛው ቀን እማማ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ጸልያለሁ። አሮጌውን ይውሰድ በይው። አዲሱ ቢመጣ አልሰማውም።»

«እሺ እማማ።»

«የታለ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እሑድ ሞተሩን አስነስቶ ያሰማኝ።»

እሑድ ካማው ግቢ ሄድኩ። ብርዳማ፣ ጨለማ የመሰለ ቀን ነበር። የምፈልገውን ስነግረው ራሱን እያከከ «ማማ፣ ይሄ ሞተር እንጂ ሬዲዮ አይደለም» አለኝ። ግን ቁልፉን አመጣ። «ብርድ ላይ አይነሳም፤ ሳምንት ሙሉ እምቢ ብሎኛል» አለ። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ካማው እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አንዴ ሞተሩን አንዴ እኔን አየ።

ስልኩን አስጠጋሁ። ድምፁ ሲያልቅ እማማ «በደንብ ይዞታል» አሉ። ሌላ አልጠየቁም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና። በሚቀጥለውም። ካማው ቁልፉን ሳልጠይቀው ያመጣልኝ ጀመር፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ወደ ቢሮው ይገባል፤ አብሮኝ አይቆምም። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ይነሳል፤ በሌላ ቀን ለገዢ ሊያሳይ ሲሞክር ግን ግማሽ ሰዓት እንደሚለምነው ነገረኝ።

በአራተኛው እሑድ እማማ ሳቅ አሉ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በሞተር መሃል ማውራት ይወዳል።»

«ምን አለ እማማ?»

«አልሰማሽውም እንዴ? አጠገቡ ሆነሽ? ‹ድንጋዩ ተነሳ ወይ?› አለኝ። አለማየሁን ልጠይቀው።»

አጠገቤ ማንም አልነበረም። ግቢው ውስጥ እኔ፣ ሁለቱ ሞተሮችና የተዘጋው የቢሮ በር ብቻ ነበርን።

ማታ አለማየሁ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ድንጋዩን ትናንት ነው የነቀልኩት» አለ። «ከደረጀ ሞት ጀምሮ ባየሁት ቁጥር አላስችል ብሎኝ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ማን ነገረሽ?»

ከእማማ ነው የሰማሁት አልኩት። የሚያለቅስ ሰው ጆሮ ብዙ ይሰማል ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን ላስተኛ ሞክሬያለሁ። ግን እማማ እያለቀሱ አልነበረም። እሳቸው ከልጃቸው ጋር እያወሩ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ለእሳቸው ከማስጠጋቴ በፊት እኔም ጎንበስ ብዬ አዳምጥ ነበር። ለእኔ ምንም አላለኝም።

የዓይን ቀጠሮው ተገፋ። በሰባተኛው እሑድ ግቢው ስገባ የአሮጌው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። አዲሱ ብቻውን ቆሟል።

«ተሸጠ» አለኝ ካማው፤ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። «አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ። እስከ ካይሮ እሄዳለሁ አለ። ዓርብ ተነሳ። ማማ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፤ ለዘላለም ላቆመው አልችልም።»

መንገዱን አሰብኩት። ማርሳቢት፣ ሞያሌ፣ ያቤሎ፣ ቡሌ ሆራ፣ ይርጋጨፌ፣ ወናጎ። ከዚያ ጪጩ፤ ልክ ከእማማ ቤት ሥር። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ። ለአለማየሁ መደወል ነበረብኝ፤ እናትህን ዘመድ ቤት ውሰዳት፣ ሰበብ ፈልግ ማለት ነበረብኝ። ስልኩን ይዤ አዲሱ ሞተር ወንበር ላይ፣ ያን ያህል በተከራከርኩለት መደገፊያ ላይ ተቀመጥኩ። አልደወልኩም። ልቤ ውስጥ ያለው ሌላ ነበር፦ ድምፁ እንኳ ቤቱ ይድረስ።

የዚያን እሑድ ለእማማም አልደወልኩም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እማማ ነበሩ። ከበስተጀርባቸው እንሰት ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል።

«አሁን አለፈ» አሉ።

መርፌውን አስቀመጥኩ።

«ከወናጎ ጀምሬ ሰማሁት። እሱ ነው፤ ያው ነው። ቆጮውን እሳት ላይ ጣድኩና ዱላዬን ይዤ ደጅ ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቀነሰ። የቆመ መስሎኝ ነበር፤ ዝም ብሎ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ወደ ዲላ ሄደ።»

«እማማ…»

«ድንጋዩ እኮ ተነስቷል። መንገዱ ክፍት ነው። ልጄ የእናቱን በር አልፎ አይሄድም።» ወንበር ሲስቡ ሰማሁ። «በይ እንግዲህ፤ ቁጭ ብያለሁ። ንገሪኝ።»

ሽማግሌዎቹን አሰብኩ፣ የእማማን ግፊትና ዓይን። ከዚያ ነገርኳቸው። አጭር ነው፤ የአንድ ሰው ሞት ሲነገር እንዴት አጭር እንደሆነ አላውቅም ነበር። እማማ አልጮኹም። አለማየሁን በስሙ ሲጠሩት፣ እሱም እየሮጠ ሲመጣ ሰማሁ።

«ልጄ» አሉኝ ስልኩን ሳይሰጡት፤ «የቱን መርጦ ነበር?»

አልመረጠም። መልሳቸውን ሲጠብቅ ነበር።

«አሮጌውን» አልኳቸው። «እርስዎ እንዳሉት።»

«አንቺስ? እሳፈራለሁ አልሽው?»

ስልኩ እጄ ላይ ነው። አሁንም እዚያው ጥያቄ ላይ ነኝ።