አሥራ አራተኛው ሰው

ኢሲዶር ፔልቲየ ሆዱ ቢጮህም ማታ ቤቱ አይበላም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥቁር ኮቱን ይለብሳል፣ በስታርች የደረቀ ኮሌታውን አንገቱ ላይ ይቆልፋል፣ ነጭ ጓንቱን ይዞ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሥራው መጠበቅ ነው። ከፓሪስ ትልልቅ ቤቶች በአንዱ አንድ ተጋባዥ ቀርቶ ማዕድ የሚቀርቡት አሥራ ሦስት ከሆኑ፣ ዓመቱ ሳይዞር አንዱ ይሞታል ተብሎ ይፈራልና አሽከር እየሮጠ ይመጣል። ኢሲዶርም አሥራ አራተኛ ሆኖ ይበላል፣ ያወጋል፣ ይስቃል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያለ እንጀራ ለጠላትም አይስጥ! እስረኛ እንኳ ራቱን ከጓደኛው ጋር ይበላል።

የልጁ የኖኤሚ ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ደረሰ። የሙሽራው ቤተሰቦች የሚመጡት ከሩዋን ከተማ ነው፤ ኢሲዶርን አይተውት አያውቁም።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ የትም አትሄድም አይደል?»

«ማን ይወስደኛል? ዛሬስ ባለቤቱ እኔ ነኝ!» አላትና ኮሌታውን ሊፈታ እጁን ሰደደ። በሩ ተንኳኳ።

የአንድ ሴናተር አሽከር ነው። «ሙሲዬ ፔልቲየ፣ ቶሎ በል! ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

«ዛሬ አልችልም፣ ልጄ…»

«እንግዲያው ሁለተኛ ደጅህን የሚያንኳኳ የለም። ቦታህን የሚመኝ ሞልቷል።»

ኢሲዶር ተነሣ። እግሩ ከሐሳቡ ቀደመ።

ሚስቱ ሌዮካዲ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ማዕድ ልትሞላ ሄደህ የራስህን አሥራ ሦስት ልታደርገው? በልጅህ ልታሟርት!»

«ከታች ቤት ጎረቤታችንን ባርናቤን ጥሪው። እሱን ዛሬ የጠራው የለም፣ ለብሶ ተቀምጧል።» ባርናቤም እንጀራው ይኸው ነው።

ኖኤሚ ፊቷን አዞረችበት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የሴናተሩን ዳክዬ በሹካ ሲያገላብጥ ቆየ። ጣፋጭ ሳይቀርብ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ መንገዱን ሁሉ ሮጠ። እያለከለከ በሩን ሲከፍት፣ ባርናቤ በራሱ በኢሲዶር ወንበር ላይ ተደላድሎ ያወጋል። ሙሽራው ብርጭቆውን ወደ ባርናቤ አንሥቷል።

«ለአባታችን!» አለ።

ሁሉም ጠጡ። ሌዮካዲ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሙሽራው እናት ዞር ብላ የኢሲዶርን ጥቁር ኮትና ነጭ ጓንት አየች። «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

ኢሲዶር ልጁን አያት። ኖኤሚ ዓይኗን እንባ ሞልቶታል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሙሲዬ፣ እኛ ዛሬ ሰው አልጠራንም» አለችው።

ሊጮህ ፈለገ። አባቷ እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሥራው ያስተማረው ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ይቅርታ፣ ማድሞዜል፤ ቤት ተሳስቼ ነው» አለና በሩን ከውጭ ዘጋው።