የልጄ እንቅልፍና የኔ ሄድፎን

ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዳገቱ ላይ ነው። ድሮ ምንም አይመስለኝም ነበር፣ እወጣዋለሁ። በኋላ በኋላ ግማሹ ላይ ስደርስ ድንጋይ ፈልጌ ቁጭ እላለሁ፤ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ቅዳሴው ያልቅና ሰው ሲወርድ አብሬ እወርዳለሁ። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሆነና በቃ፣ ተውኩት። ልጄ ይሄን አየች። ስልኬን ወስዳ ቅዳሴውንም ስብከቱንም በሚሞሪ አስጭናልኝ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ አስቀድሳለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ተነሱ ሲባል የአልጋውን ብረት ይዤ እየተነሳሁ። ስልክ ነው ብዬ አልቀልድበትም። ቅዳሴ ቅዳሴ ነው።

ችግሩ ጆሮዬ ነው። ግራው ከሞተ ቆየ፣ ቀኙም እያንቀላፋ ነው። ስልኩን እስከ መጨረሻው ካልከፈትኩት አይሰማኝም። ልጄ ደግሞ ነርስ ናት፣ ሁልጊዜ የሌሊት ተረኛ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ እግሯን ትታጠባለች፣ ያለውን ትቀምስና ትተኛለች። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። መሀሏን መጋረጃ ከፍሏታል፤ ወዲህ እኔ፣ ወዲያ ልጄና የልጅ ልጄ፣ ይቺ አሁን እኔ ስናገር የምትጽፍልኝ። ቤቷ የቀበሌ ናት፣ በኔ ስም ናት። የሚያኖረን ግን የልጄ ደመወዝ ነው።

ለምን በማለዳ አትጨርሺውም ያለኝ ሰው አለ። ውሃ የሚመጣው በማለዳ ነው። እሱን ቀድቼ፣ ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት ልኬ ቁጭ ስል ሁለት ሰዓት ይሆናል። እኔ ስቀመጥና ልጄ ስትገባ አንድ ነው።

ልጄ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ፊቷ ግን ከሳ። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳትና ዊንጌት መውረጃዋን አልፋ አስኮ ድረስ ሄደች። ረዳቱ ነው አሉ የቀሰቀሳት። ሌላ ቀን ደግሞ በሽተኛ ፊት ቆማ ምን ልትሰጠው እንደመጣች ጠፋት። እሱን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅኩም። የሷ ሥራ እንቅልፍ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ሰው ይሞትበታል።

ወንዱ ልጄ ይሄን ሰማ። እሱ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አለው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ወንድምና እህት በስልክ ተማከሩ፤ ከዚያ መጥቶ እሷ ትተኛ፣ አንቺ እኔ ጋ ነይ አለኝ። በደግነት ነው ያለው፣ የሚወስደኝን ቀንም መርጦልኝ ነበር። እኔ ግን አራተኛ ፎቅ ከወጣሁ የምወርደው ሰዎች ተሸክመውኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጉለሌ ተድሬ የመጣሁባት ናት። ዕድርተኞቼ እዚህ ናቸው፣ ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው። ዳገቱን ባልወጣውም ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ ልጄ እንድትተኛ አደርጋለሁ፣ ወይ ከጉለሌ እሄዳለሁ።

ልጁም አዘነልኝ መሰለኝ፣ በሳምንቱ ያችን ገመድ የሌላትን ኤርፎን ይዞልኝ መጣ። ባቄላ የምታህል ናት፣ ጆሮ ውስጥ የምትገባ። አንድ ሰሞን ሞከርኳት። አንገቴን ዝቅ ባደረግኩ ቁጥር እየወደቀች ከአልጋ ስር በእጄ ስፈልጋት እውላለሁ። በዚያ ላይ ሴት አለችበት። ካህኑ ሲቀድሱ ሲቀድሱ አንዲት ፈረንጅ መሃል ገብታ የሆነ ነገር ትላለች። በድንጋጤ አማተብኩ። የልጅ ልጄን ምንድን ነው የምትለው ብላት ባትሪው እያለቀ ነው ነው የምትለው አለችኝ። ታዲያ ቅዳሴ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

ከዚያ እኔና ይቺ ልጅ ዊንጌት ወረድን፣ ተማሪ የሚገዛባቸው ትናንሽ ሱቆች ጋ። ሻጯ ወጣት ሴት ናት፣ ጨዋ። በርጩማ ሰጠችኝ፣ ይቀመጡ እማማ አለች። ጆሮ የሚሸፍኑትን ትላልቆቹን አወጣችና አንዱን ከነሻሼ ደፋችልኝ። ዘፈን ከፈተች። ከበሮው ደረቴን መታኝ፣ ዘፋኙ ምን እንደሚል ግን አልሰማም። ሁለተኛውን ደፋች፣ ያው ነው። ሦስተኛው ሲሆን እማማ፣ ሻሹ እኮ ነው፣ ከጆሮዎ ላይ ያንሱት አለችኝ።

እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠጉሬን ለሰው አሳይቼ አላውቅም። በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ይቺ ልጅ ገባትና ነጠላዬን ከትከሻዬ ወስዳ እንደ መጋረጃ በሁለት እጇ ዘረጋችው። መንገደኛው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩ። ሻጯም ዞር ብላ ቆመችልኝ፣ ይባርካት።

ያን ጊዜ መምረጥ ቻልኩ። ዘፈኑን ተይውና ሰው የሚናገርበትን ክፈቺልኝ አልኳት። ዘፈን ሁሉም ላይ ያምራል፤ ሰው ሲናገር ነው የሚለየው። አንዱ ሰውየውን ጣሳ ውስጥ ከቶ ያናግረዋል፣ ሌላው አፉ ውስጥ ጨርቅ የጎሰጎሱበት ያስመስለዋል። አንዱ ጥሩ ነበር፣ ግን መንጋጋዬን እንደ ጉጠት ያዘኝ፤ ሁለት ሰዓት እሱን አድርጌ መቆም አልችልም። መጨረሻ ላይ ጥቁሩን አመጣችው። ገመድ አለው፣ ስስ ነው፣ ጆሮዬን ዙሪያውን በለስላሳ ነገር ክድን አደረገው። የመንገዱ ማኪና ጠፋ። የምትናገረዋ ሴትዮ አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል። ይሄ ነው አልኩ።

እውነቴን ነው፣ የዚያን ሰሞን እንደዚያ ያለ ደስታ አላየሁም። ስልኩን መቀነቴ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ፣ ገመዱ በነጠላዬ ስር ይወጣል። ካህኑ ሲያስሉ እንኳ እሰማለሁ። ስንት ዓመት ያመለጠኝ ቃል ተመለሰልኝ። ልጄም ጥሩ ነው እማዬ፣ ምንም አይሰማኝም፣ እተኛለሁ አለችኝ። ወንዱ ልጄ ሲደውል አልመጣም፣ እህትህ ተኝታለች አልኩት። በቃ ተገላገልን ብዬ ነበር።

ጎረቤታችን ግን አንድ ነገር ትል ነበር። ፕሮቴስታንት ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ፣ ልጄ እኮ በእርስዎ የተነሳ ቄስ ሊሆን ነው እማማ አለችኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አላት። እኔ የመሰለኝ እንዲሁ የጨዋታ ነው። እግዜር ያሳድገው ብያት ገባሁ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ ይቺ ልጅ ጠዋት ቤት መዋል ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው፣ ቅዳሴዬን ጨርሼ ሄድፎኑን ሳወልቅ ፊቴ ቆማለች። ስልኳን ይዛለች። እማማ፣ አንዴ መልሰሽ አድርጊውና ይቺን ስሚልኝ አለች። የሷን ስልክ በኔ ገመድ ሰካችው። እኔ መዝሙር ያመጣችልኝ መሰለኝ።

ዝም ብሎ ቆየ። በሩቁ ዶሮ ይሰማል። ከዚያ አንዲት አሮጊት አለቅጥ ጮኸች፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ!» እያለች። ቆየት ብላ ደግሞ ደገመች። ድምጿ የተሰነጠቀ ነው፣ ገበያ መሃል ልጅ የጠፋባት ነው የምትመስለው።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አልኩ። «እንዲህ የሚያስጮኻት ምን ሆና ነው?»

«አንቺ ነሽ እማማ።»

«እኔ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የቀዳሁት። ከውጭ ሆኜ፣ በሩ ተዘግቶ።»

ሄድፎኑን አወለቅኩት። ነገሩን ያላወቀ ሰው ላይገባው ይችላል፤ ቅዳሴ ቁጭ ብለው የሚሰሙት ነገር አይደለም። ካህኑ ይላሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ሰላም ለሁላችሁ ይላሉ፣ ከመንፈስህ ጋራ እንላለን። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደው ነው፣ ቆሜም ታምሜም እመልሳለሁ። ስልኩ ክፍት እያለም እመልስ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ድምፄን ስለምሰማው በልኩ ነው። ሄድፎኑ ጥሩ ዕቃ ሆነና ጆሮዬን ጥርቅም አድርጎ ዘጋብኝ። ቤተ ክርስቲያኑ መሃል ቆሜያለሁ፣ ሺህ ሰው ከበበኝ፣ እንግዲህ ከሺህ ሰው እኩል ነዋ የምጮኸው። እኔ ዝም ያልኩ መስሎኝ፣ የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ተሰጥዖውን፣ የሕዝቡን ምላሽ፣ አስተምሬያለሁ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ልጄ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ጆሮዋ ላይ ጥጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ፊቷን ሳየው ዓይኗ ክፍት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ጥጡን አወጣችው። «ምኑ?»

«የምጮኸው።»

ብድግ ብላ ተቀመጠች። ልጇን በዓይኗ ወጋቻት። «ማን ንገሪያት አለሽ?»

«እሷን ተያት። ለምንድን ነው እተኛለሁ ብለሽ የዋሸሽኝ?»

«እና ምን ልበልሽ እማዬ? አትጸልዪ ልበልሽ? ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲጮህ ስሰማ ነው የማድረው፣ ያንቺ እግዚኦታ ከሱ አይብስም።» ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ አልቻለችም፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነችው። «ደክሞኛል» አለች። «በጣም ነው የደከመኝ።»

እኔም ደክሞኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ለወንድምሽ ደውዪለት፣ እሁድ ይምጣና ይውሰደኝ አልኳት። አትሂጂ አላለችም። እሺም አላለች። ድካሟ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የገባኝ።

ልብሴን በፌስታል አደረግኩ። ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢዬ፣ መድኃኒቴ፣ የባሌ ፎቶ። ብዙም ዕቃ የለኝም ለካ።

እሁድ እስኪመጣ አራት ቀን ነበረ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። ሳልመልስ ባስቀድስ ይቆጠርልኛል ወይ አልኳቸው። በልብዎ ይመልሱ፣ እግዚአብሔር እንደ እርስዎ ጆሮው አልደከመም አሉኝ። ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ግን በልብ መመለስ ለካ ለቀሳውስት ነው የሚቀለው። በማግስቱ ጠዋት ሞከርኩት። ይቺን ልጅ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ ከጮኽኩ እግሬን ምቺኝ አልኳት። ቅዳሴው ግማሽ ሳይደርስ እግሬ ቆሰለ። እኔ አላዝዘውም፣ አፌ በራሱ ይከፈታል።

አንዱን ጆሮ ክፍት ላድርግ አልኩ፣ ድምፄን እንድሰማው። ግን የሚሰማኝ ጆሮ አንድ ነው። እሱን ከከፈትኩ ቅዳሴው ይቀራል፣ ደንቆሮውን ብከፍተው ምን ይጠቅመኛል።

በሦስተኛው ቀን ከንፈሬን በነጠላ ይዤ ተቀምጬ ሳለ እጄ ጉሮሮዬ ላይ ዐረፈ። ምላሹ ሲወጣ ጉሮሮዬ እጄ ስር ተንቀጠቀጠ። ንብ ቀፎ ውስጥ እንደምትለው። አፌን አለዘብኩት፣ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ትንፋሽ ብቻ አደረግኩት፣ ጠፋ። ከንፈሬ ግን እየመለሰ ነው። ይቺ ልጅ እግሬን አልመታችኝም። ቀና ብዬ ሳያት አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ከዚያ በቃ እንደዚያ ሆነ። መዳፌን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ አስቀድሳለሁ። ጉሮሮዬ ከነዘረኝ ጮኼያለሁ ማለት ነው፣ አወርደዋለሁ። አድካሚ ነው። ከዳገቱ አይተናነስም። ሰው እልል ማለት ሲያምረው አፉን ይዞ ሁለት ሰዓት መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክንዴ ይዝላል፣ በሄድፎኑ ስር ጆሮዬ ያልበኛል፣ ስሰግድ ገመዱ የአልጋው ብረት ላይ ይጠመጠማል። አንዳንዴ ጨርሼ ሳወልቀው እንኳን አለቀ እላለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሁድ ወንዱ ልጄ መጣ። እኔ ሲገባ አልሰማሁትም፣ በሩ ሲከፈት ብርሃኑን ነው ያየሁት። ቅዳሴዬ አላለቀም ነበር። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመ። መጋረጃው ትንሽ ተገልጧል። እህቱ በጀርባዋ ተዘርግታለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ አንድ ክንዷ ከአልጋው ወርዷል። ጆሮዋ ላይ ጥጥ የለም። ከሌሊት ተረኛነት የመጣችው ያን ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኝታ አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አልነቃችም። ልጄ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጉሮሮዬ ላይ ያለውን እጄን አየ። አንቆኝ እንደሆነ በምልክት ጠየቀኝ። ራሴን ነቅንቄ ደህና ነኝ አልኩት።

ቅዳሴው እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሳወልቀው በሹክሹክታ የሆነ ነገር አለኝ፣ አልሰማሁትም። አፉን ጆሮዬ ላይ አምጥቶ፣ ዕቃሽ የቱ ነው አለኝ።

«ተዋት ትተኛ» አልኩት። «አንተም ሂድና ዕረፍ።»

ከዚያ ጫማውን ውጭ ተጫምቶ ሄደ። እኔ ፌስታሉን ከአልጋው ስር ሳብኩት። ሲንኮሻኮሽ ልጄን እንዳይቀሰቅሳት አንድ አንዱን በቀስታ አወጣሁ፤ ቀሚሴን፣ ጋቢዬን፣ መድኃኒቱን። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለመስቀል ምስማሩን ማጥበቅ ነበረብኝ፣ መዶሻ ይጮሃል። እስክትነሳ ድረስ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ።