ሚስማር የማያመልጠው እግር

ባሌ ጫማ ሰሪ ነው። የወንድ ጫማ ሠርቶ ሲጨርስ ራሱ ሳይሞክረው ለባለቤቱ አይሰጥም። ካልሲውን ያወልቅና በባዶ እግሩ ያጠልቀዋል፤ ከጠበበውም ጣቶቹን ሰብስቦ ሱቋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጫፏን ያወጣች ሚስማር ካለች እግሩ ያገኛታል። እኔ በእጄ ልዳስስልህ ስለው፣ «እጅሽ ምን ያውቃል?» ይለኛል።

ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። ክኒኑን ይውጣል፤ ቀጠሮ ሲባል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። «ምኔን አሞኝ?» ነው መልሱ። ግትር ነው፣ ምን ላድርገው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን መምህሩ አዲሱን ጫማውን ይዞ እያነከሰ መጣ። ሚስማር ወግቶታል። የባሌ ፊት ጠቆረ። ጫማውን አጠለቀና ረገጥ ረገጥ አደረገው።

«የታለ? ስሜን ልታጠፋ ነው?» ብሎ አመናጨቀው።

ጫማውን ተቀብዬ እጄን ብሰድ ሚስማሯ ጣቴን ወጋችኝ። የባሌን እግር ቀና አድርጌ ሳየው ውስጥ እግሩ ይደማል። እሱ ምንም አልተሰማውም። ክው አልኩ።

በማግስቱ እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ አልጋ ላይ አስተኛችውና ቀጭን የናይለን ክር አወጣች።

«አባባ፣ አይንዎን ይጨፍኑ። በዚህ ስነካዎ ‹እዚህ ጋ› ይበሉኝ» አለችው።

አውራ ጣቱን ነካችው። ዝም። ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላኛውን እግር ነካካችው። ቀልዱን መስሎኝ ልቆጣው ስል፣ አይኑን እንደጨፈነ፣ «ልጄ፣ ጀምሪ እንጂ፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት» አላት።

ጨርሳ ነበር።

«ነርቩ ተጎድቷል» አለችን ቀስ ብላ። በየዓመቱ ቢታይ ኖሮ ገና ሲጀምር ይደረስበት ነበር። ስኳሩን ከተቆጣጠረ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፤ የጠፋው ስሜት መመለሱን ግን እንጃ። እግሩን በየቀኑ ማየት አለበት፤ ባዶ እግር ከእንግዲህ አይሆንም።

«ታዲያ ጫማውን በምን ልሞክረው?» አላት።

አሁን የሠራውን ሁሉ የምዳስሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የራሱን ጫማ ሊያደርግ ሲል ቀድሜ እጄን ሰደድኩ።

«አለ?» አለኝ።

«የለም። ከፈለግህ አንተም ዳስሰው።»

«አንቺ ካልሽ ይበቃል» አለና እግሩን አስገባ።

ምነው በተቆጣኝ።