ለእኔ ብቻ የተቆጠረ ሰባት ቤት

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ትልቋ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር መጥታ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ፊት ለፊት ክፍል ልትከራይ እንዳሰበች ነገረችኝ። ከሰው አፍ በጥጥ ናሙና ወስዳ አዲስ አበባ እየላከች፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ይኑር አይኑር የምታስመረምርበት ነው። ያማከረቻቸው ሁሉ፣ የራሱን ጉድ ከፍሎ የሚሰማ ማን አለ ብለው ስቀውባታል።

"እማዬ፣ አንቺስ ትመረመሪያለሽ?" አለችኝ።

እናቴንም እህቴንም የነጠቀኝ የጡት ካንሰር ነው። እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት በር ላይ ስደርስ ተመልሼ የምሄድ ሴት ነኝ።

ፍርሃቴ ግን ዛሬ የጀመረ አይደለም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ሳለ የልጄ አባት ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ አለመሆን ካልተረጋገጠ ጋብቻ የለም። የሚቆጠረውም በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ዝምድና ከተገኘ አገሩ ሁሉ በዚያው ቀን ይሰማል። እኔ እሱን አንበሳሜ ገበያ አይቼ ወድጄዋለሁ። የሁለታችንም አያቶች ከአንድ ደብር መሆናቸውን ስሰማ እህል አልወርድ አለኝ።

የሚቆጥሩት የአባቴ አክስት፣ መነኩሲት ነበሩ። ወሩ መስከረም ነበር፤ ገብሱ አሽቷል፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

"እማሆይ፣ አይቁጠሩ። ረሳሁት ይበሉ።"

እሸት እየጠበሱ ነበር፤ አንድ እፍኝ ሰጡኝ። "ብተወው ዝምድናው ይጠፋል?"

"አይጠፋም። ግን ሰው ፊት እንዳልሰማው።"

"ታዲያ እሱን አትነግሪኝም? ተቀመጪ። አሁን ለአንቺ ብቻ እቆጥራለሁ። ክፉ ከሆነ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ አባትሽ ነገሩን እንዲያስቀረው አደርጋለሁ።"

የሁለታችንንም ወገን ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት አንድ ስም ላይ ሲያመነቱ እሸቱ አፌ ውስጥ ደረቀ። ስሙ አንድ ሆኖ ሌላ ሰው ኖሯል፤ አለፉት። ሰባተኛውን ሲጨርሱ እጃቸውን ዘረጉና፣ "አይዛመድሽም። ብዪ እንግዲህ" አሉኝ።

ይኸው ዛሬ ሰውዬው በረንዳችን ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ለልጄ ይህንን ነግሬ፣ መናኸሪያውን ትተሽ ከጓሮ የሚገባበት ቤት ፈልጊ፤ ሰው ማወቁን ብቻ አይደለም የሚፈራው፣ ሲሰማ መታየቱንም ነው አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ጥጧን አወጣች። አፌን ከፈትኩ።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ አባቷ እንኳ ሳይሰማ ለእኔ ብቻ ልትነግረኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ወሩ የእሸት ባይሆንም፣ ያን ቀን እየሰማሁ የምይዘው አንድ እፍኝ ቆሎ አላጣም።