ያልተሰነጠቀው ሥዕል

ቬኮስላቭ በድራቫ ወንዝ ዳር ባለችው በፕቱይ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የበር ሥዕል ሲሥል ኖሯል። በር ግን ወዶ አያውቅም።

ነገሩ የመጣው በስህተት ነበር። በረዶ በጣለበት አንድ ጥር ቀለም የሚለውስበት የተልባ ዘይት አለቀበት። ሱቁ ዝግ ነው፤ የጎረቤቱን በር ደግሞ ሸራ ላይ መሣል ጀምሯል። ወጥ ቤት ገብቶ እናቱ ሰላጣ ላይ የምታፈስሰውን የዱባ ፍሬ ዘይት አነሣና ከቀለሙ ጋር ለወሰው። ያ ዘይት ቶሎ አይደርቅም። ከላይ የቀባው ነጭ ቀለም ቀድሞ ደረቀና፣ ውሃው እንደሸሸው የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሥዕሉን ሊጥለው ግድግዳ አስደግፎት ሳለ ወይዘሮ ክሴኒያ የምትባል ከአገሪቱ ዋና ከተማ ከሉብልያና የመጣች የሥዕል ነጋዴ አየችው።

"ይህን እንዳትነካው" አለችው። በሳምንቱ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ በር፣ አሁንም በር። ስንጥቁ እንዲመጣ ዘይቱን ዐውቆ ይጨምራል። ሁለት ልጆች በዚያ ተማሩ፤ የሚያፈሰው ጣሪያም በዚያ ተለወጠ። እምቢ ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር የሚዘጋው ነገር አያጣም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ጠዋት ጠዋት የሚስቱን የማይዳን ፊት ሣለ፤ በተልባ ዘይት ብቻ፣ አንዱ ቅብ እስኪደርቅ እየጠበቀ። ማይዳ ሽንኩርት እየላጠች ትቀመጥለታለች።

"አፍንጫዬን አሳንሰው እንጂ።"

"ምንም አልቀንስም።"

"እንግዲያው 'ያስለቀሳት ሽንኩርት ነው' ብለህ ጻፍበት። ሰዉ አንተ ያስለቀስከኝ እንዳይመስለው።"

ስድሳኛ ዓመት ልደቱን የሚያከብርበት የሥዕል ትርኢት ሲቃረብ ወይዘሮ ክሴኒያ ሥዕሎቹን ልትመርጥ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ለእንግዳ የተቀመጠውን የቤት ጫማ አጠለቀችና፣ የማይዳ ሥዕል ፊት ቆመች።

"ስንጥቁ የታል?"

"የለውም። ይህ እንዲሰቀልልኝ እፈልጋለሁ፣ ወይዘሮ ክሴኒያ። አንድ ሰው እንኳ ከወደደው ሌላም እንድሥል ይፍቀዱልኝ።"

"ቬኮ፣ ሰው አንተን የሚፈልግህ ለበር ነው።"

"በር ሰለቸኝ እኮ!"

"እኔስ? ሃያ ሁለት ዓመት በር እየሸጥኩ!" ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ "እሺ፣ ይሰቀል። ካልተወደደ ግን ይህ ነገር ሁለተኛ አይነሣብኝ" አለችው። ተጨባበጡ።

ትርኢቱ በተከፈተ ቀን ማይዳ ደህናውን ጫማዋን አድርጋ ከሥዕሏ አጠገብ ቆመች። ቬኮስላቭ ራቅ ብሎ የሰዉን ዓይን ይከታተላል። ሰዎቹ ይጠጋሉ፤ አንገታቸውን ያጣምማሉ፤ አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ጉንጯንና ግንባሯን ይፈትሻሉ። ከዚያ ወደ በሮቹ ሥዕሎች ያልፋሉ። ዓይኗን ያየ የለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"ይሄኛው ገና ነው?"

"ምኑ?" አለች ማይዳ።

"አልተሰነጠቀማ! ሲሰነጠቅ ደውሉልኝ፣ እወስደዋለሁ።"

"አይዞዎት ዶክተር፣ እኔው ራሴ እየተሰነጠቅሁልዎት ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ቬኮስላቭ ግን አልሳቀም። አዳራሹ ሊዘጋ መብራት መጥፋት እስኪጀምር ድረስ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ።

ወይዘሮ ክሴኒያ አልተኩራራችበትም። ኮቱን ከመስቀያው አምጥታ እንዲለብስ ከኋላው ዘረጋችለት።

"ዘጠኝ በር ለመጋቢት ይደርስልኛል?" አለችው ቀስ ብላ።

አንድ እጁን አስገብቶ ቆመ። ሁለተኛውን እጅጌ ይዛ ትጠብቃለች።

"ይደርሳል" አለና እጁን አስገባ።